ሀ ሁ ሂን በቃሏ ትወርደዋለች፣ ቃል ማንበብ ግን አልቻለችም (3ኛ ክፍል ጨርሳለች)

የአባዶ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ዘንድሮ 3ኛ ክፍልን ጨርሳለች። ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ሳትደናቀፍ ትወርደዋለች። መጽሐፍ ስትከፍት ግን «ቤ... ታ... ች... ን» ብላ ትቆምና ፊቴን ታያለች፤ ካልሆነም ሥዕሉን አይታ ትገምታለች። ክፍላቸው ተማሪ የበዛበት ስለሆነ መምህሯ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው የማስነበብ ጊዜ የላትም። አስጠኚ ልቅጠር ወይስ ሀ ሁን እንደገና ላስጀምራት? ከፊታችን ሁለት የክረምት ወራት አሉ።

መምህር ከጀሞ፦
እህቴ፣ ሀ ሁን እንደገና አያስጀምሯት። ያንን አንዴ ችላዋለች፤ የምትችለው ግን እንደ ዜማ ነው። «ዴ»ን ስታይ በልቧ «ደ ዱ ዲ ዳ ዴ» ብላ ተንደርድራ ነው የምትደርስበት። ቃል ውስጥ አራት ፊደል ካለ አራት ጊዜ መንደርደር አለባት፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያውን ረስታዋለች። ከንፈሯን ልብ ብለው ይዩ፣ ከመመለሷ በፊት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

አስጠኚ ከመቅጠርዎ በፊት ሦስት ነገር ይፈትሹ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

አንደኛ፣ 20 ፊደል በትንንሽ ወረቀት ጽፈው ያደባልቁና አንድ በአንድ ያሳዩዋት። ከየረድፉ ይምረጡ፦ ዴ፣ ቁ፣ ሚ፣ ጦ፣ ብ፣ ኛ የመሳሰሉትን። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያልመለሰችውን እንደማታውቀው ቆጥረው ለብቻ ያስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ያስነብቧት፦ ቱዜ፣ ፋዲጎ፣ ስግፍ። ትርጉም ስለሌላቸው መገመት አትችልም፣ ሥዕልም አይረዳትም። እዚህ ላይ የምትሰናከል ከሆነ እስከ ዛሬ ያነበበችው የመሰለን በግምት ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ሳይኖር በጆሮዋ ብቻ፦ «ቤ» ብለው ትንሽ ቆይተው «ት» ይበሉና ምን እንደሆነ ይጠይቋት። «ቤት» ካለች ድምፅ ማገጣጠም ትችላለች። ካቃታት ንባቡን ትተው በቃል ጨዋታ ይጀምሩ፤ ጆሮ ያላገጣጠመውን ዓይን አያገጣጥመውም።

ውጤቱን ይዘው ይመለሱ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ቅጣት ብለው ሀ ሁን አሥር ገጽ እንዳያስገለብጧት ብቻ። እጅ ይደክማል እንጂ ንባብ አይመጣም።

ፊደል ቆጣሪ፦
የመምህሩ ሐሳብ ትክክል ነው። እዚህ ላይ የምጨምረው፣ የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ችግር ድሮ አውቆት እንደነበር ነው። ልጅ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ወዲያው ወደ ንባብ አይገባም፤ መካከል ላይ አቡጊዳ አለ። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፣ ቀጥሎ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» እየተባለ ረድፉም ቤቱም (ቤት የሚባለው እንደ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ያለው የአንድ ፊደል ቤተሰብ ነው) አንድ ላይ ይሰበራል። ልጁም ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ስለሚቆጥር አፉ ብቻውን ቀድሞ አይሄድም። አቡጊዳን የአጉል ሽምደዳ ምሳሌ አድርጎ የሚያነሳው ሰው ብዙ ነው፤ የተሠራው ግን ሽምደዳን ለመስበር ነው። እርግጥ አቡጊዳው ራሱ በዜማ ከተሸመደደ ተመልሶ ያው ነው።

231ዱ ፊደል ብዛቱ ያስፈራል፣ ግን ለንባብ ሲባል ያንሳል። ከ33ቱ ቤቶች ሐ እና ኀ እንደ ሀ፣ ሠ እንደ ሰ፣ ዐ እንደ አ፣ ፀ እንደ ጸ ስለሚነበቡ በድምፅ የሚለዩት ቤቶች ከ28 አይበልጡም። ከግዕዙ 26 ፊደላት ላይ ለአማርኛ የተጨመሩት ሰባቱ ደግሞ ከእናታቸው ላይ ምልክት ተጨምሮባቸው ነው የመጡት፦ ሰ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ከ ኸ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ፣ ጠ ጨ። ጥንድ ጥንድ አድርገው ቢያሳዩአት ሰባቱ ቤቶች በሁለት ቀን ያልቃሉ። ስትጽፍ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብትል ለጊዜው በቀይ አይሠረዝባት።

ነርስ 12፦
አጭር ነገር ልጨምር። መጽሐፉን አፍንጫዋ ላይ የምታስጠጋ፣ አንድ ዓይኗን የምትጨፍን ወይም ከኋላ ተቀምጣ ሰሌዳውን የምትገለብጠው ከጎረቤቷ ደብተር ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የዓይን ምርመራ ይቅደም። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለች ጭረት ነው፤ ዓይኑ የደከመ ልጅ ያቺን አያያትም። በጠሩት ቁጥር «እ?» የምትል ከሆነም ጆሮዋን ያስመርምሩ።

አባት ቱሉዲምቱ፦
ጥያቄውን ላስፋው። የእኛ ልጅ ገላን እያለን 2ኛ ክፍልን በአፋን ኦሮሞ ጨርሷል፣ ቁቤ (ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) አሳምሮ ያነባል። ለመስከረም የተመዘገበው በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ከዜሮ ነው የምንጀምረው?

መምህር ከጀሞ፦
ወንድሜ፣ ከዜሮ አይደለም፤ እንዲያውም ማገጣጠሙን ስለሚያውቅ ከብዙዎቹ ይቀድማል። የሚጎድለው በዋናነት ቅርጹና ሁለት አናባቢ ነው። አፋን ኦሮሞ አምስት አናባቢ ነው ያለው፤ የአማርኛው አንደኛ ድምፅ ግዕዝ (ኧ) እና ስድስተኛው ሳድስ (እ) የሉትም። ስለዚህ «ብር»ን «ቢር»፣ «በራ»ን «ባራ» ብሎ ሊያነብ ይችላል። ስንፍና አይደለም፣ ጆሮው ያልለመደው ድምፅ ስለሆነ ነው። እንደ ገበታው ከግዕዝ አይጀምሩለት። በመጀመሪያ ካዕብ (ኡ)፣ ሣልስ (ኢ)፣ ራብዕ (ኣ)፣ ኃምስ (ኤ) እና ሳብዕ (ኦ)፤ እነዚህ አምስቱ ከሚያውቃቸው ከአምስቱ ጋር ይገጥማሉ። ግዕዝና ሳድስ መጨረሻ ላይ ይምጡ፣ ጥንድ ቃላትም ይስጡት፦ በራ እና ባራ፣ ብር እና ቢር፤ እርስዎ ይጥሩ፣ እሱ የትኛው እንደሆነ ይጠቁም።

ሌላው፣ ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ደግሞ ይጽፈዋል። ፊደላችን ግን በተለመደው ጽሑፍ ማጥበቂያ የለውም። «ገና» በዓሉ እና «ገና ነው» የሚባለው አንድ ዓይነት ነው የሚጻፉት፤ «አለ»ም እንዲሁ። ልጁ የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ስለሆነ እነዚህን ነጠላ ቃል አድርገው አይስጡት። እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ቁቤ ላይ ኤክስ «ጥ»፣ ሲ ደግሞ «ጭ» ናት፤ ይህን መምህሩ አስቀድሞ ይወቅ።

ምርጫው ገና ካልተዘጋ፣ አዲስ አበባ ውስጥም በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። ከሰፈርዎ ያለውን ርቀት ያስቡበት።

የአባዶ እናት፦
ሞከርኩት። ከ20ው 13ቱን ወዲያው መለሰች፤ የሳተቻቸው አብዛኞቹ ሳድስና ሳብዕ ናቸው። «ቱዜ»ን አነበበች፣ «ስግፍ» ላይ ቀረች። በጆሮዋ ግን «ቤት»ንም «ድመት»ንም ገጣጠመች። ዓይኗን ለማስመርመር ቀጠሮ ይዣለሁ።

መምህር ከጀሞ፦
እንግዲያው ሥራው ያለው ሳድስ ላይ ነው። ገበታ ላይ ስንቆጥር «ት»ን «ትእ» ብለን ነው የምንጠራው። ልጅቷም «ቤት»ን «ቤ-ትእ» ትለዋለች፣ እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ ሰምታ ስለማታውቅ ትደናገራለች። ሳድስ ሁለት ጠባይ እንዳለው ያሳዩዋት፦ አንዳንዴ ትንሽ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ አፍ ተዘግቶበት ያልፋል። «ስም» ሲባል ስ ድምፅ አለው፣ ም የለውም። ቃል መጨረሻ ላይ ያለ ሳድስ እንደሚዘጋ ከያዘች ግማሹ መንገድ አለቀ። «ትምህርት» አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው፤ እሱን ለመጨረሻ ያቆዩት።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አምስት ቤት ብቻ ይያዙ፦ መ፣ ረ፣ በ፣ ተ፣ ደ። ለ፣ ሰ እና በ ቅርጻቸው ስለሚቀራረብ በአንድ ሳምንት አይሰጡም። ከእነዚህ 35 ፊደላት ብቻ ስንት ቃል እንደሚወጣ ይዩ፦ ቤት፣ በር፣ ማር፣ ዱባ፣ ዶሮ፣ ድብ፣ ብር፣ ድመት፣ ምድር፣ መሬት፣ በረዶ፣ ደመራ፣ ቲማቲም። ፊደሎቹን በለስላሳ ቆርኪ ጀርባ ላይ በማርከር ይጻፉ። እርስዎ ቃሉን ይጥሩ፣ እሷ ቆርኪ ትደርድር። ከዚያ አንድ ቆርኪ ብቻ ይቀይሩ፦ በር፣ ብር፣ ዱር፣ ዳር። አንድ ፊደል ሲለወጥ ቃሉ እንደሚለወጥ በእጇ ማየቷ ከመቶ ጊዜ ቆጠራ ይበልጣል።

በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ከመክሰስ በኋላ እንጂ ማታ እንቅልፍ ሲጥላት አይደለም። አምስት ደቂቃ የትናንቱ ወረቀት፣ አሥር ደቂቃ ቆርኪ፣ አምስት ደቂቃ እርስዎ የጻፉላት ሦስት ዓረፍተ ነገር፤ ሥዕል የሌለበት። ስትቆም ቶሎ አይንገሯት፣ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። አሁንም ካቃታት ቃሉን ሳይሆን የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይስጧት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ አምስት ቃል እየጠሩ ያስጽፏት። አራቱን በትክክል ከጻፈች ሁለት አዲስ ቤት ይጨመራል፣ ካልጻፈች እዚያው መቆየት ነው።

አስጠኚ ከቀጠሩ ሥራውን ቀድመው ይንገሩት፦ የቤት ሥራ መሥራት አይደለም፣ ማስነበብ ነው። አምስተኛው ቀን ላይ ያላጠናችውን አንድ ገጽ አምጥተው ፊትዎ ያስነብቧት። ደብተሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ያንን ገጽ ማንበብ ካቃታት፣ የቤት ሥራውን የሠራው አስጠኚው ነው።

መስከረም ላይ ለክፍል ኃላፊዋ የምታውቃቸውን ቤቶች ዝርዝር ጽፈው ይስጧት፤ ከፊት ወንበር እንድታስቀምጣት፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ሲመጣም ከአንድ ቀን በፊት አንቀጹን እንድትልክልዎ ይለምኗት። የ4ኛ ክፍል መጽሐፍ ጽሑፉ ይረዝማልና በነሐሴ ተውሰው ከወዲሁ ያያይዟት፣ በቀን ሁለት መስመር።