የ2003 ቢኤምደብሊው ኤም3 የኋላ ወለል ስንጥቅ፦ መበየዱ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ሲሆን የ2003 ቢኤምደብሊው ኢ46 ኤም3 አለኝ። መኪናው ሲነሣና ማርሽ ሲቀየር ከኋላ በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማ ስለነበር በሊፍት አንሥተን ስናየው፣ ዲፈረንሻሉን (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል) የሚሸከመው ብረት ከወለሉ ጋር በብሎን ከሚታሰርባቸው አራት ቦታዎች በአንዱ ዙሪያ የአውራ ጣት ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ አገኘን። አንድ ጋራዥ ስንጥቁን በይዶ በአንድ ቀን ሊያስረክበኝ ይችላል፤ ሌላው ግን ከሥር ያለው ሁሉ ወርዶ ማጠናከሪያ ላሜራ ካልተበየደበት ሥራውን አልቀበልም ብሎኛል። የሁለቱ ዋጋ በጣም ይራራቃል። መኪናውን እስከ መጨረሻው ይዤው መቆየት ስለምፈልግ በሙያው ያላችሁ ብትመክሩኝ።

መልስ፦ ከአንድ በያጅ

ወንድሜ፣ ትክክሉን የነገረዎት ሁለተኛው ነው። ይህ መኪና እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም፤ ወለሉና አካሉ ራሳቸው ሻንሲ ናቸው። የአውሮፓው ኤም3 የ343 ፈረስ ጉልበት ሞተሩ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚልከው ኃይል የሚፈጥረው ጫና በእነዚያ አራት ነጥቦች በኩል ወደ ስስ ላሜራ ይገባል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሲለቁት ወደ ሌላው ይጎትተዋል። ብረት የሚደክመው በእንዲህ ያለ ምልልስ ነው። ስንጥቁ ብቻ ቢበየድ ሸክሙ ያው ሸክም ስለሆነ፣ በሙቀቱ ባሕርዩ በተለወጠው የብየዳው ጠርዝ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይጀምራል።

በደንብ ሲሠራ ማርሚታው፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግና ተሸካሚው ብረት ከነዲፈረንሻሉ ይወርዳሉ። ከዚያ አራቱም ቦታዎች ከሥር ከተቀባው ጥቁር መከላከያ ተፍቀው ነጭ ብረት እስኪታይ ይጸዳሉ፤ አንዱ ከተሰነጠቀ የቀሩትን ሳያዩ ደህና ናቸው ማለት አይቻልም። በጸዳው ብረት ላይ ሰርጎ የሚገባ ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ጥቂት ቆይቶ ይጠረጋል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ማውጫ ይነፋበታል፤ ዓይን ያላየው ስንጥቅ እንደ ቀይ ክር ብቅ ይላል። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በ3 ሚሊሜትር ትራፓኖ ይበሳሉ፤ ሹል ጫፍ ክብ ሲሆን ስንጥቁ መሮጡን ያቆማል። ከዚያ በሚግ (በሽቦና በጋዝ በሚሠራ የኤሌክትሪክ ብየዳ) ይበየዳል፣ ይለሰልሳል፣ የወለሉን ቅርጽ ተከትሎ የተጣጠፈ ላሜራ ይደረብበታል። ዳሩን በአንድ ትንፋሽ መዞር ግን ወለሉን ያጣምመዋል፤ አጭር አጭር እየበየዱ፣ ቦታ እየቀያየሩና እያቀዘቀዙ መሄድ ይገባል።

መልስ፦ ከሌላ አባል

ከላይ የተባለውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ የምጨምረው ስለ እሳት ነው። በዚህ መኪና ባትሪው ያለው በፖርትባጋሉ ውስጥ ነው፣ የነዳጅ ታንኩም ከኋላ ወንበር ሥር ለብየዳው ቅርብ ነው። ባትሪው ሳይፈታ፣ ምንጣፉና ወንበሩ ሳይወጡ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ሳይጠበቁ ብየዳ መጀመር የለበትም። የላሜራው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ዚንኩ አስቀድሞ መፋቅ አለበት።

በወለሉ ክፍተት ውስጥ የሚጠጥር ፎም መሙላት በቂ ነው የሚሉም አሉ። ፎሙ ያልተሰነጠቀ ወለልን ሊያጠነክር ይችላል፤ የተሰነጠቀውን ግን ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም፣ በኋላ ልበይድ ሲባልም ይቃጠላል። በመጀመሪያ ብየዳው፣ ቀጥሎ የዝገት መከላከያ ቀለምና በክፍተቶቹ ውስጥ ሰም።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ብረቱ ከወረደ በእሱና በወለሉ መካከል ያሉትን ጎሚኒዎችም ልቀይር? ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም እንዳደርግም ተመክሬያለሁ።

መልስ፦ ከበያጁ

ጎሚኒዎቹን በእርግጥ ይቀይሯቸው፤ ያለቀ ጎሚኒ ብረቱ እንዲወዛወዝ ስለሚፈቅድ ወለሉን ይደበድበዋል። አሉሚኒየሙ ግን ለእሽቅድድም ይሁን፤ ጎሚኒው ይውጠው የነበረውን ምት በሙሉ ለላሜራው ያስረክበዋል። ለመንገድ መኪና የፋብሪካው ጎሚኒ ይሻላል።

ሥራውን ከመስጠትዎ በፊት ሁለተኛውን ጋራዥ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ በዋጋው ውስጥ ያለው የሥሩ ብቻ ነው ወይስ በፖርትባጋሉ በኩል ያለው የላይኛው ላሜራም? ወለሉ ድርብ በመሆኑ ከላይ በኩልም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከሥር ብቻ የተጠናከረ ሥራ ግማሽ ሥራ ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊትም እያንዳንዱን ብየዳ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ በየሁለት ዓመቱ ለሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ መርማሪው ሊጠይቅዎት ይችላል።