ሯጭን በጓደኞቿ ፊት ሚዛን ላይ ማቆም ሥልጠና ነው?

የኪቶ ሯጭ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጉዳይ ላንሳና እንከራከርበት። እዚሁ ጂማ ተማሪዎችን የሚያሠራ አንድ ቡድን አለ። ሴቶቹ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከማሟሟቂያ በፊት ተሰልፈው ይመዘናሉ። ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ኪሎ የጨመረች ልጅ ተጨማሪ ዙር ትሮጣለች። ወንዶቹ ቆመው ያያሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የቡድኑን ስም የማልጠራው ልጆቹ እንዳይቀጡበት ብዬ ነው።

እኔ ይህ ማዋረድ ነው ባይ ነኝ። የሯጭ ኪሎ መታወቅ ካለበት እንኳ ለብቻዋ ይሁን፣ በጤና ባለሙያ ይሁን። አሰልጣኙ ሚዛኑን መያዝ የለበትም።

አሜሪካኖቹ በዚህ ነገር ብዙ ልጅ ከተጎዳባቸው በኋላ ነው የነቁት። ሜሪ ኬይን በ2013 እ.ኤ.አ. ገና በ17 ዓመቷ ለዓለም ሻምፒዮና የደረሰች ልጅ ነበረች። በ2019 ወጥታ የተናገረችው ግን ሌላ ነው። ክብደት ቀንሺ እየተባለች፣ በቡድን ጓደኞቿ ፊት እየተመዘነች ቆይታ የወር አበባዋ ለ3 ዓመት ቀርቶ 5 አጥንቷ ተሰብሯል። በ2021 ደግሞ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሴት አትሌቶች በቡድናቸው የሚደረግባቸው የሰውነት ስብ ልኬት ምን እንዳደረሰባቸው ለጋዜጣ ተናገሩ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲም በ2023 የራሱን የሩጫ ቡድን አስመርምሮ ይኸው ልኬት በርካታ ልጆችን እንደጎዳ ሪፖርት ወጣ። እነዚህ ገንዘብም ሐኪምም ያላቸው ቡድኖች ናቸው። የእኛዎቹ ልጆች ሲጎዱ ማን ያውቃል?

የአጂፕ ልጅ

እህቴ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ኬይን ያኔ የኮሌጅ ሯጭ አልነበረችም። የናይኪ ፕሮፌሽናል ቡድን ውስጥ ነበረች። እሱን ከዩኒቨርሲቲ ጋር አንቀላቅለው።

ሁለተኛ፣ እኔ ክለብ ውስጥ ሮጫለሁ። እኛም ተመዝነናል። ረጅም ርቀት ማለት ክብደትህን ተሸክመህ መሄድ ነው፤ ትርፍ 2 ኪሎ በ10,000 ሜትር ላይ ምን እንደሚያደርግ እግርህ ይነግርሃል። ይህን መካድ አይቻልም። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ የነበሩትን ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጥብቅነታቸውን ያወራል። በእሳቸው ዘመን የመጣውን ወርቅ ቁጠሩት። ሲፋን ሐሰንም በ2019 ዶሃ ላይ 1500ንም 10,000ንም ስታሸንፍ የምትሠራው ኬይን በነበረችበት ቡድን ነበር። አሁን ግን አሰልጣኝ ትንሽ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ "ተጎዳሁ" ይባላል። በዚህ ዓይነት አትሌት አይወጣም።

የኪቶ ሯጭ

እርማቱን ተቀብያለሁ፤ ትክክል ነህ፣ የናይኪ ቡድን ነው። ግን ልብ በል፣ የኦሪገኑና የኮሎራዶው ኮሌጅ ናቸው። ኮሎራዶ ደግሞ ተራ ቡድን አይደለም። ምርመራው ሲካሄድ በነበረው አሰልጣኝ ዘመን በአገር አቋራጭ ብቻ 8 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ዋንጫው ስላለ ነው ለዓመታት ማንም ያልጠየቀው።

የሲፋንን ድል ማንም አይነካባትም። ግን ያሸነፈችውን አንዷን እያየን የተሰበሩትን ካልቆጠርን ሒሳቡ ልክ አይመጣም። አንተ ተመዝነህ ምንም አልሆንክ ይሆናል። አብረውህ የጀመሩት የት ደረሱ?

ጥብቅነት ላይ አልተጣላንም። 11፡30 ጅሬን ዳገት ላይ ተገኙ ይበል፣ የዘገየ ይመለስ። ኢንተርቫሉን፣ ያንን በአጭር እረፍት እየተቆራረጠ የሚሮጠውን ከባድ ልምምድ፣ ያቋረጠ ይጠየቅ። እሱ ሥራው ነው። የልጅቷን ሰውነት በሰው ፊት ማስነበብ ግን ከጥብቅነት ጋር ምን አገናኘው?

ኮች

ስሜን ብታውቁትም ባታውቁትም ልዩነት የለውም፤ ተማሪዎችን አሠለጥናለሁ። በግልጽ ልናገር። እኔም እመዝናለሁ።

ለምን እንደምመዝን ስሙኝ። አሜሪካ ያለው አሰልጣኝ ሐኪም አለው፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ አለው፣ የአእምሮ ጤና አማካሪ አለው። እኔ ያለኝ አንድ የእጅ ሰዓት፣ አንድ ፊሽካና አንድ ሚዛን ነው። ልጆቼ የሚበሉት ከካፌ ነው። ጠዋት ዳቦና ሻይ፣ ምሳ ሽሮ፣ ማታ ምስር። እንደማንኛውም ተማሪ። ከዚያ ላይ ክፍል አላቸው፣ ፈተና አላቸው። አንዷ ልጅ በ2 ሳምንት 3 ኪሎ ስትቀንስ በሚዛኑ ነው ያወቅኩት። ጠርቼ ስጠይቃት የምግብ ካርዷ ጠፍቶባት በጓደኞቿ ትራፊ ነበር የምትኖረው። ሚዛን ባልነበረኝ ኖሮ ልምምድ ላይ ትወድቅብኝ ነበር።

ስለዚህ "አሰልጣኝ ሚዛን አይያዝ" የሚለው ቀላል ነው። ማን ይያዘው? ስጡኝና ነገ ላስረክብ። ጮክ ብሎ ማንበቡን በተመለከተ፣ እኔ አላነብም። ዙር መጨመርም አላውቅም። ያንን የሚያደርግ ካለ አጥፍቷል።

ነርሷ

ኮች፣ የተናገሩት ውስጥ እውነት አለ። የልጅቷን መክሳት ማየትዎ አድኗታል። እኔ ግን እንደ ጤና ባለሙያ ልጨምር፤ ረዘም ካለብኝ ይቅርታ።

አንድ ሯጭ ከምታቃጥለው ያነሰ ስትበላ ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚዘጋው ለዛሬ የማያስፈልገውን ነው። የወር አበባ ይቀራል። አጥንት የሚጠነክርበት ሆርሞን ይቀንሳል። ከዚያ የቅልጥም ወይም የእግር አጥንት ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ይህን ሬድ-ኤስ ብሎ ሰይሞ ወንዶችንም እንደሚነካ ገልጿል። ወንዶች ላይ የወር አበባ የሚባል ምልክት ስለሌለ ሳይታወቅ ይቆያል። ስለዚህ የአጂፕ ወንድሜ፣ ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሚዛን ይህን ሁልጊዜ አያሳይም። ሰውነት ቁጠባ ከገባ በኋላ ኪሎው ባለበት ሊቆም ይችላል። ልጅቷ "ደህና" ናት ተብላ ትቀጥላለች፤ ውስጧ ግን እየተጎዳ ነው። በተቃራኒው ደግሞ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ውኃ ይያዛል፣ ኪሎ ይጨምራል። ያን ሳምንት የተቀጣች ልጅ የተቀጣችው ተፈጥሮዋ ስለሆነ ነው።

ገንዘብ የማይጠይቁ የተሻሉ ምልክቶች አሉ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምት መቁጠር። እንቅልፍ። ብርድ ብርድ ማለት። ቁስል ቶሎ አለመዳን። የወር አበባ ቀን፤ እሱንም ለአሰልጣኙ ሳይሆን ቡድኑ ለሚያምናት አንዲት ሴት መንገር። 3 ወር የቀረባት ልጅ ወደ ሕክምና ትላክ። ብዙዎቻችን "ጎበዝ ሯጭ የወር አበባ አታይም" ሲባል ሰምተናል። ይህ ውሸት ነው፣ ጎጂ ውሸት ነው። ደራርቱ ልጅ ወልዳ ተመልሳ ነው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ 10,000ን ያሸነፈችው። የሴት ሰውነት የሩጫ ጠላት አይደለም።

ደም ማነስም አለ። በሳምንት ብዙ ኪሎ ሜትር የምትሮጥ፣ ሥጋ የማታገኝ ልጅ ስትዘገይ "ወፍራ ነው" ከማለት በፊት ደሟ ይታይ።

አንደኛ ዓመት

እኔ ሯጭ ነኝ። ብዙ አልናገርም። እሑድ ማታ እራት የማይበሉ ልጆች አሉ፣ ሰኞ ስለሚመዘኑ። ሰኞ ጠዋት ውኃ አይጠጡም። ከዚያ ኢንተርቫል እንሠራለን። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም።

የአጂፕ ልጅ

ይሄን አላውቅም ነበር። እራት ሳይበሉ ኢንተርቫል ከሆነ ሥልጠናውንም ያበላሸዋል፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ለጉዞ ሲመረጡስ? አሰልጣኙ ያለ ቁጥር በምን ይመርጣል?

የኪቶ ሯጭ

በሰዓት ነዋ! ሩጫ እኮ ነው። ስንት ደቂቃ ገባች የሚለው እያለ ስንት ኪሎ ናት የሚለው ለምን ይፈለጋል?

የሯጭ አባት፣ ከአጋሮ

ልጆች፣ እኔ ስለ ስፖርት ብዙ አላውቅም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አደራ ያልኩት ለአሰልጣኟ ነው። እንደ አባት ይሁኗት ብዬ። አሁን ይህን ሳነብ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ልጄ ብትጎዳ ለማን ትነግራለች? ለጉዞ የሚመርጣት እሱ፣ ከክለብ ጋር የሚያገናኛት እሱ፣ ትጥቅ የሚሰጣት እሱ። አባቱም ዳኛውም እሱ ከሆነ ልጅ ምን ትላለች? እኔ አሰልጣኝን አልጠረጥርም። ደጎች እንዳሉ አውቃለሁ። ግን ጥሩነቱ በሰውየው ልብ ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ሌላ የሚሰማ ሰው ይኑር።

ነርሷ

አባባ፣ የነገሩን ሥር ነካችሁት።

የሂርማታ ልጅ

ጾምንም አንሱት እንጂ። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ ሲገጥሙ ቡድናችን ውስጥ የማይጾም ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የኛ አሰልጣኝ ከባዱን ልምምድ ወደ ማታ አዞረው። ከመግሪብ በፊት ቀላል ሩጫ፣ ካፈጠርን በኋላ ጠንከር ያለው። የክርስቲያኖቹ ልጆችም በራሳቸው ሰዓት። ማንም አልተሸማቀቀም፣ እንዲያውም ይበልጥ ተዋደድን። ሌላ ቦታ ያለች ጓደኛዬ ግን "ወይ ጾሙን ወይ ቡድኑን" ተብላለች፤ በሁሉም ፊት። ተወችው። ሩጫውን ማለቴ ነው። ወላሂ ጎበዝ ነበረች።

ስለዚህ እኔ ጉዳዩ ሚዛን ብቻ አይመስለኝም። አንዱ አሰልጣኝ ጠይቆ ይወስናል። ሌላው አዋርዶ ይወስናል።

የአጂፕ ልጅ

ጾም ላይ ግን አሰልጣኙም ይታየው። ውድድር በረመዳን ሊወድቅ ይችላል፤ የፌዴሬሽን ቀን ለማንም አይለወጥም። ሙሉ ጾመኛ ሆኖ 10,000 ሜትር በቀትር መሮጥ አደጋ ነው። ያንን የሚናገር አሰልጣኝ ልጅቷን ሊጠብቅ ፈልጎም ይሆናል።

የሂርማታ ልጅ

ሊሆን ይችላል። ለብቻዋ ጠርቶ "እህቴ፣ ፈራሁልሽ፣ ምን ታስቢያለሽ?" ቢላት ኖሮ ዛሬም ትሮጥ ነበር።

ኮች

ሁሉንም አነበብኩ። አንደኛ ዓመት ያለችው ልጅ የጻፈችው እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ ጋ እሑድ እራት የሚዘል አለ ወይ ብዬ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። እጠይቃለሁ።

ነርሷ የዘረዘረችውን የልብ ምት ቆጠራ ከሰኞ ጀምሮ እናደርጋለን። ደብተር ይበቃል። የወር አበባውን ነገር ለሴት ረዳት መስጠት ነበረብኝ፤ ረዳት ስለሌለኝ ከአራተኛ ዓመት ተማሪዎች አንዷን ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ።

ሚዛኑን ግን አልጥልም። በወር አንዴ፣ ለብቻ፣ ፈቃደኛ ለሆነች፤ መክሳትን ለማየት እንጂ ማክሳት ለማዘዝ አይደለም። የምግብ ካርድ የጠፋባትን ልጅ አልረሳም።

አባባ ለጠየቁት ግን መልስ የለኝም። በእኔ ላይ የሚሰማ ሰው እኔ ልሾም አልችልም። ያ ከበላይ መምጣት አለበት።

የኪቶ ሯጭ

ኮች፣ አክብሮቴ የላቀ ነው። በወር አንዴም ቢሆን "ፈቃደኛ ለሆነች" የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ለጉዞ የሚመርጣት ሰው "ፈቃደኛ ነሽ?" ሲላት እምቢ የምትል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ማን ናት? ሚዛኑ ከእርስዎ ቢሮ ወጥቶ የተማሪዎች ክሊኒክ ይሂድ። የምትፈልግ ትሂድ፣ ነርሷ ትመዝናት፣ አደጋ ካለ ብቻ "ይህቺ ልጅ ትረፍ" ይበሉዎት፤ ቁጥሩ አያስፈልግዎትም። እዚህ ድረስ ብቻ ነው ልዩነታችን።

የአባባን ጥያቄ ደግሞ በደብዳቤ እናቅርበው። ከሥልጠናው ውጪ የሆነ፣ በቡድን ምርጫ ላይ ምንም ሥልጣን የሌለው አንድ ሰው፣ ወንዱም ሴቱም ቅሬታ የሚያቀርብለት ይመደብ። እኔ እጽፈዋለሁ። ኮች፣ እርስዎ ይፈርማሉ?

ኮች

ጻፊው። እፈርማለሁ። የሚዛኑን ግን በአካል እንነጋገርበት፣ አልጨረስንም።