ዲኤንኤው ብቻ የተነበበ ባክቴሪያ የዝርያ ስም ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

ማይክሮ፦ ሰላም ጓዶች፣ ከጥልቅ ባህር ደለል ጂኖሙ (ሙሉ ዲኤንኤው) ተነቦ ግን ማንም ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎት የማያውቅ ባክቴሪያ አዲስ ዝርያ ተብሎ ስም ይውጣለት ወይስ እስኪያድግ ይጠብቅ? የቆየው ዓለም አቀፍ የስም አወጣጥ ደንብ ንጹህ ካልቸሩ (ከሌላ ሳይቀላቀል ላቦራቶሪ ውስጥ ያደገው) በሁለት የተለያዩ አገሮች ካልተቀመጠ ስሙን አያጸድቅም፣ በ2022 የመጣው ሴቅኮድ የሚባል ሌላ የስም ደንብ ደግሞ ጥሩ ጂኖም ይበቃል ይላል። እኔ ይውጣለት ባይ ነኝ።

ፔትሪ፦ በፍጹም። ካልቸሩ ካለ በስንት ዲግሪ እንደሚያድግ፣ ስንት ጨው እንደሚችል፣ የሽፋኑ ፋቲ አሲድ ምን እንደሆነ ትለካለህ፣ የተጠራጠረህም ሰው ያንኑ ስትሬን (የተቀመጠውን ዘር) ወስዶ ራሱ ያየዋል። ከጂኖም ግን በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌት "ሊተነፍስ ይችላል"፣ ቅዝቃዜ "ሊወድ ይችላል"፣ በ"ሊ" ዝርያ አይመዘገብማ ሃሃሃ

ማይክሮ፦ አሳድገው ማለት ለአፍ ይቀላል ወንድሜ። ጃፓኖቹ ከ2,533 ሜትር ጥልቀት ባወጡት ደለል ውስጥ ያለችውን አርኪያ (ባክቴሪያ የምትመስል ሌላ ባለ አንድ ሴል ወገን ናት፣ ባክቴሪያ እንዳልሆነች አውቃለሁ፣ እንዳትጀምረኝ) ለማሳደግ 12 ዓመት ነው የፈጀባቸው፣ በ2020 አሳተሙ፣ እሷም እኮ ሃይድሮጅኗን የሚወስድላት ሌላ ማይክሮብ አጠገቧ ከሌለ አታድግም፣ እጥፍ ለመሆን ብቻ ከ14 እስከ 25 ቀን ትፈልጋለች። በዚህ ሂሳብ የባህሩን ወለል መቼ ልንጨርሰው ነው?

ፔትሪ፦ ራስህ ምሳሌ አመጣህልኝ። የዘመዶቿን ጂኖም አይተው ውስጧ የተወሳሰበ ሳይሆን አይቀርም ሲሉ የነበሩ ብዙ ናቸው፣ አድጋ በማይክሮስኮፕ ስትታይ ግን ኦርጋኔል (ሴል ውስጥ ያለ ክፍል) የሚመስል ነገር የለም፣ ይልቅ ከላይዋ ረጃጅም ቅርንጫፍ አውጥታ ቁጭ። ይሄን ጂኖም ነገረህ?

ደለል፦ በመሃል ልግባ፣ ሁለታችሁም የረሳችሁት ጂኖሙ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ነው። ከደለል ውስጥ የሺዎች ዲኤንኤ ተደባልቆ ይነበብና ኮምፒውተር ይገጣጥመዋል፣ የጎረቤት ቁራጭ አብሮ ሊሰፋ ይችላል። ሁለት ጂኖሞች 95 በመቶ ከተመሳሰሉ አንድ ዝርያ ናቸው የሚባለውን መስፈርት የተበረዘ ጂኖም ላይ ስትጠቀሙበት ምን ይሆናል?

ማይክሮ፦ ለዚህ እኮ ነው የጥራት መስፈርት ያለው፣ ከ90 በመቶ በላይ የተሟላ፣ ብክለቱ ከ5 በመቶ በታች።

ደለል፦ 5 በመቶ ለኔ ብዙ ነው፣ ግን እሺ። ቲዮማርጋሪታ ናሚቢየንሲስን ተመልከቱ፣ ከናሚቢያ ባህር ደለል ወጥታ በ1999 ተገለጸች፣ በዓይን የምትታይ ባክቴሪያ ናት፣ በንጹህ ካልቸር ግን አልያዟትም። የለችም ልንል ነው ፔትሪ?

ፔትሪ፦ እሷንማ ሰው በዓይኑ አይቷታል፣ ሴሏ አለ፣ እኔ የምቃወመው ማንም ሴሉን ያላየውን ነው። ደግሞ በካልቸር ላላደጉት "ካንዲዳተስ" የሚል ጊዜያዊ ስም ከ90ዎቹ ጀምሮ አለ፣ እሱ ምን አነሰው?

ማይክሮ፦ ሴቅኮድ ሲመጣ እሱ ቅድሚያ (ቀድሞ የወጣው ስም ይጽና የሚለው መብት) አልነበረውማ! ዛሬ ካንዲዳተስ ብለህ ያወጣኸውን ነገ ሌላው አሳድጎ በፈለገው ስም ይጠራው ነበር፣ የአንተ ይቀር ነበር። ጂኖም እንደ ታይፕ (ስሙ የሚታሰርበት ናሙና) ይቆጠር የሚለውን ሐሳብ የቆየው ደንብ ኮሚቴ በ2020 ውድቅ ባያደርገው ሁለተኛ ደንብ ማን ያወጣ ነበር?

ፔትሪ፦ እና አሁን ሁለት ደንብ ሆነ፣ አንዱ ባክቴሪያ በአንዱ አንድ ስም፣ በሌላው ሌላ ስም ቢይዝ በየትኛው ነው የምትጽፈው?

ማይክሮ፦ እሱን ጥያቄ አልወደድኩትም።