የከርነል ሰዓት በቀን 13 ሰከንድ ይቀድማል፣ ዲስክ ሲበዛበት ደግሞ ይዘገያል

ቡት_ሎደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ64 ቢት ኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) እየጻፍኩ ነው። ሰዓቱን የምቆጥረው በፒት (8254 በተባለው የጊዜ ቆጣሪ ቺፕ) ነው፤ ቻናል 0፣ ሞድ 2፣ ዲቫይደር (አካፋይ) 1193፣ 1000 ሄርዝ ለማግኘት ብዬ። ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን የሚያቋርጥ ምልክት) በመጣ ቁጥር 1 ሚሊሰከንድ እደምራለሁ። ሦስት ነገር አልገጠመልኝም። ማሽኑ ያለ ሥራ ሲውል ሲያድር ሰዓቱ 13 ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ዲስክ ላይ ብዙ ሲጻፍ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። «1 ሚሊሰከንድ ተኛ» ያልኩት ፕሮሰስ ደግሞ አንዳንዴ ወደ 2 ሚሊሰከንድ ተጠግቶ ነው የሚነቃው። ችግሩ ክሪስታሉ ይሆን?

ቢት_በቢት፦
የመጀመሪያው የክሪስታል ሳይሆን የማካፈል ጉዳይ ነው። ፒት በሰከንድ 1193182 ጊዜ ይቆጥራል። ለ1000 ሲካፈል 1193.182 ይመጣል፤ ሬጅስተሩ ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሚቀበል 1193 ጻፍክ። ስለዚህ ያገኘኸው 1000.15 ሄርዝ ነው። ትርፉ 153 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 153) ገደማ ነው፤ በ86400 ሰከንድ ስታባዛው 13.2 ሰከንድ፣ ያየኸው ቁጥር ራሱ ይወጣል።

ዲቫይደሩን አትንካው። በየቲኩ (የፒት ኢንተራፕት በመጣ ቁጥር) 1000000 ናኖሰከንድ መደመሩን ትተህ 999847 ደምር። የሚቀረው ክፍልፋይ (0.467) በቀን 0.04 ሰከንድ ብቻ ያዘገያል፤ እሱም ካስጨነቀህ 32 ቢት ለክፍልፋይ የለየ ፊክስድ ፖይንት ተጠቀም። ወደ 100 ሄርዝ ብትወርድ ዲቫይደሩ 11932 ሲሆን በቀን 1.3 ሰከንድ ትዘገያለህ። ኮድህ በኢንቲጀር ሲያካፍል ቆርጦ 11931 ካደረገው ግን 6 ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ከማካፈልህ በፊት ተካፋዩ ላይ የአካፋዩን ግማሽ ደምር።

ቀለበት_ዜሮ፦
እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ዲስክ ሲበዛ የሚዘገየው ቲክ እየጠፋ ስለሆነ ነው። ኢንተራፕቶችን ለፕሮሰሰሩ የሚያስተላልፈው ቺፕ፣ 8259፣ በአንድ መስመር ላይ ያልተስተናገደ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው የሚይዘው። ድራይቨርህ ኢንተራፕት ዘግቶ 4 ሚሊሰከንድ ከቆየ፣ ሲከፍት አንድ ቲክ ይደርሰዋል፤ የቀሩት የሉም። ለማረጋገጥ ኢንተራፕት በምትዘጋበትና በምትከፍትበት ቦታ ቲኤስሲን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ቆጣሪ) አንብብና ትልቁን ልዩነት መዝግብ። ከ1 ሚሊሰከንድ በላይ ካየህ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ።

የጠፋ ቲክ እየገመቱ መመለስ ማለቂያ የለውም። ኢንተራፕት መቀስቀሻ ብቻ ይሁን፤ ሰዓቱን ሳይቋረጥ ከሚሄድ ቆጣሪ አንብብ። ቲኤስሲን ከመረጥክ በቅድሚያ በሲፒዩአይዲ (የፕሮሰሰሩን ችሎታ በሚናገረው ኢንስትራክሽን) ሄክስ 80000007 ኢዲኤክስ ላይ ቢት 8 መብራቱን እይ። ካልበራ የቆጣሪው ፍጥነት ከፕሮሰሰሩ ጋር ሊለዋወጥ ስለሚችል ኤችፔትን ወይም የኤሲፒአይን ፒኤም ታይመር (ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ጋር የማይለዋወጡ ሌሎች ቆጣሪዎች) ያዝ። ፒኤም ታይመር በ3.579545 ሜጋሄርዝ ይሄዳል፤ 24 ቢት ብቻ ከሆነ በየ4.7 ሰከንዱ ከዜሮ ይጀምራል፣ ስለዚህ ከዚያ ቀድመህ ማንበብ ግድ ነው።

ካሊብሬሽን (የቲኤስሲን ፍጥነት በፒት መለካት) ላይ አትቸኩል። የፒትን ፖርት አንዴ ማንበብ 1 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ከለካህ የ1 ማይክሮሰከንድ ስህተት 100 ፒፒኤም ነው፤ በቀን 8.6 ሰከንድ ማለት ነው፣ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይቀራል። በ50 ሚሊሰከንድ ወደ 20 ፒፒኤም ይወርዳል። ሊኑክስ ሲነሳ በአጭሩ ይለካና ቆይቶ ለ1 ሰከንድ ያህል ከኤችፔት ወይም ከፒኤም ታይመር ጋር እያስተያየ ያጠራዋል። በልኬቱ መሃል ፈርምዌሩ በኤስኤምአይ (ከርነሉ ሊዘጋው በማይችል ኢንተራፕት) ፕሮሰሰሩን ሊነጥቅህም ይችላል፤ ደጋግመህ ለካና ትንሹን ውሰድ።

ቡት_ሎደር፦
999847 ሠርቷል፣ እናመሰግናለን። አሁን ወደ ቲኤስሲ ተዛውሬያለሁ። ወደ ናኖሰከንድ ለመቀየር በ1000000000 አባዝቼ በፍሪኩዌንሲው (3 ጊጋሄርዝ) አካፍላለሁ፤ ነገር ግን በየ6 ሰከንዱ ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ኢንተራፕት_9፦
64 ቢት ሞልቶ ፈስሶብህ ነው። የቲኤስሲው ዋጋ 18.4 ቢሊዮን ሲደርስ ብዜቱ አይያዝም፤ በ3 ጊጋሄርዝ ይህ 6.1 ሰከንድ ነው። ቡት ላይ አንድ ጊዜ 1000000000ን በ2 ኃይል 32 አባዝተህ በፍሪኩዌንሲው አካፍል፤ ለአንተ 1431655765 ይሆናል። ከዚያ ቲኤስሲውን በዚህ አባዝተህ 32 ቢት ወደ ቀኝ ግፋ። የመሃሉ ብዜት ግን 128 ቢት መሆን አለበት፤ የማባዣ ኢንስትራክሽኑ ራሱ ውጤቱን በአርዲኤክስና በአርኤኤክስ ከፍሎ ስለሚሰጥ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄህ፦ ይህ እንከን አይደለም። ፕሮሰሱ የሚተኛው በሁለት ቲክ መሃል ነው፤ ከ1 ሚሊሰከንድ በፊት እንዳይነቃ የቀረውን ሽራፊ ጨርሶ አንድ ሙሉ ቲክ መጠበቅ አለበት። ከዚህ የተሻለ ከፈለግህ ቋሚውን ቲክ ትተህ የሎካል ኤፒክን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የኢንተራፕት ተቆጣጣሪ) የቲኤስሲ ዴድላይን ሞድ ተጠቀም። ሲፒዩአይዲ 1፣ ኢሲኤክስ ቢት 24 መኖሩን ይነግርሃል። በኤፒኩ የኤልቪቲ ታይመር ሬጅስተር ቢት 18ን 1፣ ቢት 17ን 0 አድርግ፤ ከዚያ የምትነቃበትን የቲኤስሲ ዋጋ ዴድላይን ኤምኤስአሩ (የፕሮሰሰሩ ልዩ ሬጅስተር) ላይ ጻፍ። ጊዜው ካለፈ ወዲያው ይተኩሳል፣ 0 ከጻፍክ ይሰረዛል። ኤክስ2ኤፒክን (አዲሱን የኤፒክ ሞድ) ካልከፈትክ በሁለቱ የመጻፍ ትዕዛዞች መካከል ኤምፌንስ (ቅደም ተከተል የሚያስጠብቅ ኢንስትራክሽን) አስገባ፤ አለዚያ ዴድላይኑ ከሞዱ ቀድሞ ሊደርስና ሊጠፋ ይችላል።

ሥራ ሲያጣ ፕሮሰሰሩን ወደ ጥልቅ የሲ ደረጃ (ኃይል ቆጣቢ እንቅልፍ) የምታወርደው ከሆነ ሲፒዩአይዲ 6፣ ኢኤኤክስ ቢት 2ን ተመልከት። ካልበራ እዚያ ውስጥ የኤፒክ ታይመሩ ሊቆም ስለሚችል፣ ከመውረድህ በፊት መቀስቀሻውን ለኤችፔት አስረክብ።