የሠራተኞቹ ፋይል ባለቤት ተቀያየረብኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ትንሽ ቢሮ የ14 ሠራተኞችን ፋይል የያዘ ሰርቨር እኔ ነኝ የማስተዳድረው። አሮጌው ሲበላሽ አዲስ ማሽን ላይ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና) ጫንኩ። ዳታው ያለበትን ዲስክ እንዳለ አዛወርኩት። ተጠቃሚዎቹን ግን በፊደል ተራ እንደ አዲስ ፈጠርኳቸው። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

ሊኑክስ ዲስኩ ላይ የባለቤቱን ስም አይጽፍም፤ የተጠቃሚ ቁጥሩን ነው የሚጽፈው። ኡቡንቱ ደግሞ ለተጠቃሚዎች ከ1000 ጀምሮ በተራ ያድላል። ድሮ 1003 የነበረችው የሂሳብ ሠራተኛችን አሁን 1007 ሆናለች። ዛሬ ጠዋት የደመወዝ ፋይሏን አሁን 1003 የደረሰው ሾፌራችን ከፈተው። በጣም ደነገጥኩ፤ ወዲያው ሁሉንም ዘጋሁት።

በ«ቻውን» (የፋይል ባለቤት በሚቀይረው ትእዛዝ) አንድ በአንድ ላስተካክል ብዬ ነበር። ግን የ1003ን ወደ 1007 ስቀይር፣ ድሮ የ1007 ከነበረው ሰው ፋይል ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። የሆም ፎልደሮቹስ (የየሠራተኛው የግል ፎልደሮች) የማን እንደሆኑ ስማቸው ይነግረኛል፤ የጨነቀኝ የጋራው ፎልደር ነው።

የድሮው «ፓስውድ» ፋይል (የተጠቃሚዎቹ ስምና ቁጥር ዝርዝር) ባክአፕ አለኝ። ሆማቸውን ሳልነካ ተጠቃሚዎቹን አጥፍቼ በድሮ ቁጥራቸው ብፈጥራቸው ይሻላል? ወይስ በ«ዩዘርሞድ» (የተጠቃሚ ቁጥር በሚቀይረው ትእዛዝ) ቁጥራቸው እንዳይጋጭ መጀመሪያ ወደ 5000ዎቹ አውጥቼ ወደ ድሮው ልመልሳቸው? የግሩፕ ቁጥሩንስ አብሬ መቀየር አለብኝ? ይህን የሠራችሁ ካላችሁ ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ። ሰዎቹ ሥራ ፈተው እየጠበቁኝ ነው።