35 አሸንፎ 4 ብቻ የተሸነፈ ቡድን ዓመቱ ከሸፈ ይባላል?

የማራኪው_ዘጠኝ ቁጥር
ሰላም የባስኬት ሰዎች። ማራኪ ግቢ ነው የምማረው። የአሜሪካ ኮሌጆችን የወንዶች ውድድር መከታተል የጀመርኩት የዶርም ልጆች አስለምደውኝ ነው፤ ከዚያ በፊት ከኤንቢኤ ሌላ አላውቅም ነበር። ጥያቄዬ ስለ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በፈረንጆቹ 2024-25 ስለነበረው ቡድን። በኮንፈረንሳቸው (ኮሌጆች ተቧድነው በሚጫወቱበት ሊግ) 19 አሸንፈው 1 ተሸነፉ፣ የኮንፈረንሱንም ዋንጫ በሉ። ኩፐር ፍላግ ገና በአንደኛ ዓመቱ የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሂውስተን 70 ለ 67 ረታቸውና አለቀ፣ 35 ለ 4 ሆነው ወደ ቤት። የዶርሜ ልጅ «ዓመቱ ከሽፏል፣ ነገር አታብዛ» ይላል። እኔ አልዋጥልህ አለኝ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫውን ያነሳው እኮ ዓመቱን ሙሉ የለቀመው ነጥብ ተደምሮ ነው። እዚያ ግን 35 ድል በአንድ ማታ ውሃ የሚበላው ለምንድን ነው? ቆይ፣ የአንድ ኮሌጅ ቡድን ዓመት የሚለካውስ በምንድን ነው?

የአዘዞ_ልጅ
ወንድሜ፣ ሁለት ውድድር በአንድ ዓመት ውስጥ እንዳለ አድርገህ እየው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ መጀመሪያ በአብዛኛው ከኮንፈረንስ ውጭ፣ ከዚያ በየኮንፈረንሱ ይጫወታሉ፤ ይሄኛው የእኛን ሊግ ይመስላል። ከዚያ 68 ቡድን ተመርጦ ጥሎ ማለፍ ይጀመራል። በ2025 ሠላሳ አንዱ የኮንፈረንሳቸውን ዋንጫ በልተው በቀጥታ የገቡ ናቸው። ቀሪዎቹን 37 ኮሚቴ ቁጭ ብሎ መረጣቸው (በየዓመቱ ጭቅጭቁ የሚፈላውም እዚህ ላይ ነው)። ከ64 ጀምሮ ስድስት ተከታታይ ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የመልስ ጨዋታ ብሎ ነገር የለም።

የዱክ ድል ግን ውሃ አልበላውም። ቡድኖቹ በአራት ምድብ ተከፍለው በየምድቡ ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ በዚያ ድል ነው አንደኛ ደረጃ ተሰጥቷቸው በመጀመሪያው ዙር ደካማ ቡድን የደረሳቸው። ጥቅሙ እዚያ ላይ ያበቃል እንጂ፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የዓመቱን ነጥብ የሚቆጥርልህ የለም።

ደረጃ ራሱ ዋስትና አይደለም። ቨርጂኒያ በ2018 አንደኛ ደረጃ ይዞ ገብቶ 16ኛ ደረጃ በተሰጠው ዩኤምቢሲ 74 ለ 54 ተዘረረ። በወንዶች ውድድር እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። እረፍት ሲወጡ 21 እኩል ነበሩ፣ ጉዱ የፈላው ከእረፍት መልስ ነው። በዓመቱ ግን ያው አሰልጣኝ አብዛኞቹን ልጆች ይዞ ተመለሰና በጭማሪ ሰዓት ቴክሳስ ቴክን 85 ለ 77 አሸንፎ ዋንጫ በላ። በዶርምህ ልጅ ሚዛን የ2018ቱ ከሸፈ። እኔን ከጠየቅከኝ የ2019 ዋንጫ ግማሹ የተሠራው ያኔ ነው።

ጋሼ_ሪባውንድ
ልጆች፣ ኮሚቴና ደረጃ የምትሉት ለእኔ ብዙም አይጥመኝም። ሜዳው ላይ የሆነውን ላውራላችሁ። ዱክ ስምንት ደቂቃ ገደማ ሲቀር 14 ነጥብ ይመራ ነበር። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከፍሪ ስሮው (ከፋውል በኋላ ከሚሰጥ ነጻ ውርወራ) ውጭ ያገባው አንድ ኳስ ብቻ ነው። አንድ! እንዲያም ሆኖ 35 ሰከንድ ገደማ ሲቀር 67 ለ 61 እየመራ ነበር። መጀመሪያ ሻርፕ የሚባለው የሂውስተን ልጅ ሦስት ነጥብ ከተተ። ወዲያው ዱክ ኳሷን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ተነጠቀ፤ ሂውስተኖች ወርውረው ቢስቱም ቱግለር ከላይ ደረሰባትና ደፈቃት። 67 ለ 66።

አሁን ልብ በል፣ ዘጠኝ ቁጥር። የዱኩ ፕሮክተር ፋውል ተሠራበትና ለፍሪ ስሮው ቆመ። እኛ እዚህ በፊባ (በዓለም አቀፉ የባስኬት ፌዴሬሽን) ሕግ ነው የምንጫወተው፤ በአንድ ሩብ ውስጥ ከአራት ፋውል በኋላ ሁለት ውርወራ ይሰጥሃል፣ የመጀመሪያውን ብትስት ሁለተኛ አለህ። የእነሱ ወንዶች ሕግ ሌላ ነው። በግማሹ ጨዋታ ከሰባተኛው ፋውል እስከ ዘጠነኛው ድረስ ሁለተኛዋን የምትወረውረው የመጀመሪያዋን ካገባህ ብቻ ነው። ከሳትክ ኳሷ በሕይወት አለች፣ ተሻሟት። ፕሮክተር የመጀመሪያዋን ሳተ። የሂውስተኑ ሮበርትስ ከፊት ሆኖ ቦታ ይዞ ነበር፤ ፍላግ ከኋላው ዘሎ በላዩ ሲመጣበት ዳኛው ፋውል ነፋ። ሮበርትስ ሁለቱንም አገባ፣ 68 ለ 67። ከዚያ ፍላግ ራሱ ወርውሮ ሳተ፣ ክራየር በሁለት ፍሪ ስሮው ዘጋው። በ35 ሰከንድ ውስጥ ዘጠኝ ለዜሮ!

ልጅ አሰለጥናለሁ፣ እሱን ነው የማየው። ሮበርትስ ያን ፋውል ያገኘው በቁመት አይደለም፤ ኳሷ ከእጅ ሳትወጣ በመቀመጫው ሰውየውን አስቀርቶ ቆሞ ስለነበር ነው። ሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት የሚሆነው የዱኩ ማሉዋች በዚያ ጨዋታ አንድም ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ) አልያዘም፣ ታምናላችሁ? ስለዚህ «ዓመቱ ከሸፈ ወይስ አልከሸፈ» የሚለው የካፌ ወሬ ነው። የከሸፈችው ያቺ አሥር ደቂቃ ናት።

ሕክምና_ግቢ_4ኛ ዓመት
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የካፌ ወሬ አይመስለኝም። ማሉዋች የጎረቤታችን የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፣ ያደገው ኡጋንዳ። እሱ፣ ፍላግና ክኑፕል ሦስቱም አንደኛ ዓመት ነበሩ። በሰኔው ድራፍት (የኤንቢኤ ቡድኖች በተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት) ፍላግ 1ኛ፣ ክኑፕል 4ኛ፣ ማሉዋች 10ኛ ሆነው ተመረጡ። እንዲህ ያለ ቡድን የሚሰባሰበው ለአንድ ዓመት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት የለም። ቨርጂኒያን ምሳሌ ማድረግ እዚህ ጋ አይሠራም፣ ከአምስቱ ቋሚዎች የሚመለስ ልጅ የለማ! ከዚህ አንጻር የዶርሙ ልጅ ትንሽ እውነት አለው።

ዋንጫውን የወሰደው ፍሎሪዳ እኮ በሌላ መንገድ የተሠራ ቡድን ነው። ክሌይተን ከአዮና፣ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ፣ ሪቻርድ ከቤልሞንት ተዛውረው የመጡ ናቸው። ከትንንሽ ኮሌጅ መጥተው ትልቅ ቦታ የደረሱ፣ ዕድሜያቸውም በሰል ያለ። መቼም የመጨረሻው ደቂቃ ላይ የ22 ዓመት ልጅና የ18 ዓመት ልጅ እኩል አይተነፍሱም።

ፒያሳ_ሌሊት
እኔ ፍጻሜውን በቀጥታ አይቼዋለሁ፣ በእኛ ሌሊት 9፡50 ነው የተጀመረው። መጋቢት 30 ሊነጋ፣ ጾም፣ ሻይ በዳቦ። መብራት ሁለቴ ሄዶ በስልክ ዳታ ጨረስኩት፤ ካርዱ ግን አመድ ሆነ።

ሂውስተን 12 ነጥብ መርቶ ነበር። ፍሎሪዳ ከ40 ደቂቃው ሁለት ደቂቃ እንኳን አልመራም፣ ግን 65 ለ 63 አሸነፈ። የመጨረሻዋ ኳስ! ሻርፕ ሦስት ነጥብ ሊወረውር ዘለለ፣ ክሌይተን እየበረረ መጣበት፣ ልጁ አየር ላይ ሐሳቡን ቀየረና ኳሷን ለቀቃት። መሬት ላይ እየነጠረች ፊቱ ቆመች። እሱ ራሱ ቀድሞ ቢነካት ስቴፕ (የእርምጃ ጥፋት) ይነፋበታል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ያያታል! ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት፣ እኔ ነኝ የጮኽኩት፣ አከራዬ በሩን መታችው። ታዲያ በዶርምህ ልጅ አባባል ሂውስተንም 35 አሸንፎ ከሸፈ ማለት ነው? ከ350 በላይ ቡድን አለ፣ አንዱ ተሳካለት፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ? እንዲህ ከሆነ ለምን ይጫወታሉ!

የማራኪው_ዘጠኝ ቁጥር
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ለዶርሜ ልጅ አነበብኩለት፣ «የሕክምናዋ ልጅ ብቻ ናት የገባት» ብሎ ተኛ። እኔ ግን ለዱክ «ከሸፈ» አልልም፣ «አመለጠው» ነው የምለው። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ፦ የግቢ ውድድራችን ሊጀመር ነው፣ የእኛ ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ ልጅ) ከእኔ በአንድ ጭንቅላት ይበልጣል፣ ግን ሪባውንድ ላይ ሁልጊዜ ኳሷን እያየ ይቆማል። ምን ላሠራው?

ጋሼ_ሪባውንድ
ኳስ አትስጠው። ሁለት ለሁለት አቁማቸው፣ አንዱ ይወርውር፣ እሱ መጀመሪያ ሰውየውን በጀርባው ይፈልግ፣ ከዚያ ነው ቀና የሚለው። ኳሷን ከያዛት አትቁጠርለት፣ ሰውየውን ካስቀረ ነው የምትቆጥርለት። ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ግን መገፋፋቱን ቀለል አድርጉት፣ ጉልበት የሚሰጥህ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቼን ይዤ ሜዳ ላይ ነኝ፣ ይዘኸው ና።