ከልደት ማግስት ያሉትን ቀኖች እንዴት እንያዛቸው? ለቁምስናው ምክር ቤት የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ለካቶሊክ ቁምስናችን (ለአጥቢያችን) ምክር ቤት የምናቀርበውን የልደት ሰሞን ዕቅድ እዚሁ ተወያይተን እናርቅቀው። እንዳንምታታ ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መነሻዬን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ዲሴምበር 27 ጠዋት፣ የወንጌላዊው ዮሐንስ በዓል ዕለት፣ ለቅዳሴ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ከሁለት ቀን በፊት መቆሚያ የጠፋበት ቤተ ክርስቲያን ጭር ብሏል። አምስት ሰው ብንሆን ነው። ግርግሙ አጠገብ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ሰም እንደደረቀ ነበር። የመዝሙር ወረቀቶች ከወንበር ሥር ተበትነዋል። አንዲት እናት ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከቅዳሴ በኋላ ሰላም ልላቸው ጠጋ ስል፣ "በሌሊቱ አልመጣሁም፤ በጨለማ የሚያመጣኝ ሰው አጣሁ" አሉኝ።

ለዚያ ሌሊት ለመዝሙሩም፣ ለጌጡም፣ ለመብራቱም ሰው መድበን ነበር። እሳቸውን የሚያመጣ ግን አልመደብንም። ይህ ነገር ዓመቱን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ ሐሳቤ አንድ ነው። የልደት ሰሞን ዲሴምበር 25 ላይ ይጀምራል እንጂ አያልቅም። የበዓሉ ስምንት ቀን እስከ ጃንዋሪ 1 ይዘልቃል፣ ሰሞኑ ደግሞ እስከ ጌታ ጥምቀት በዓል። እኛ ግን ከልደት በፊት ያሉትን አራቱን የስብከተ ገና ሳምንታት ስንሯሯጥ ከርመን፣ በአንድ ሌሊት ጉልበታችንን ጨርሰን እንተኛለን። ዘንድሮ ግማሹን ለማግስቱ እናስቀር። ምን ትላላችሁ?

የመዘምራን አስተባባሪ

ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ስጋት አለኝ። ከሌሊቱ ቅዳሴ ዝግጅት ቀንሱ ከተባልኩ አልስማማም። በስብከተ ገና እሑዶች "ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም" አይዘመርም። ሕዝቡ አራት ሳምንት ሙሉ ሳይሰማው ይከርማል። በልደት ሌሊት ደወሉ ተደውሎ ሲነሣ፣ እኔ ፊት ለፊት ቆሜ የሰዉን ፊት አየዋለሁ። ሽማግሌውም ሕፃኑም ቀና ይላል። ይህንን በግማሽ ልምምድ ማቅረብ ይከብደኛል።

መተው የምችለው ሌላ ነገር አለ። ከቅዳሴው በፊት የምናቀርበው የመዝሙር ዝግጅት አለ አይደል? እሱ ብዙ ልምምድ ይወስዳል፣ ሰዉም ገና እየገባ ስለሆነ የሚያዳምጠው ጥቂት ነው። እሱን እናሳጥረውና ጊዜውን ለዲሴምበር 31 ማታ እናውለው። የዓመቱ መዝጊያ ምስጋና፣ ቴ ዴዩም፣ በደንብ ተለማምደን ብንዘምረው ሰው ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢ

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ የማነሣው የንጋቱን ቅዳሴ ነው። የልደት በዓል የየራሱ ንባብ ያለው አራት ቅዳሴ እንዳለው ታውቃላችሁ፦ የዋዜማው፣ የሌሊቱ፣ የንጋቱ፣ የቀኑ። የንጋቱን ማንም ልብ አይለውም። የሌሊቱ ወንጌል መላእክት ለእረኞች ያበሰሩትን ይነግረናል። የንጋቱ ደግሞ እረኞቹ ተነሥተው በፍጥነት መሄዳቸውን። ወንጌሉ ራሱ "ሂዱ" እያለን እኛ እንቅልፍ ላይ ነን!

ከዚያ ቅዳሴ ወጥተን በቀጥታ ቅዱስ ቁርባን ይዘን ከቤት መውጣት ወደማይችሉ ሕሙማን ብንሄድስ? ሁልጊዜ የበዓሉ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው የምንደርሳቸው። እኔ ራሴ እግሬን ታምሜ አንድ ልደት ቤት ውያለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እስከ ቤቴ ይሰማል። እየሰሙ መቅረት እንዴት እንደሚያስለቅስ ያየው ያውቀዋል።

ቅዱስ ቁርባን ለሕሙማን ከሚያደርሱት አንዱ

እማማ የተናገሩት ልቤን ነካኝ። ተግባራዊ ነገሮችን ልጨምር።

አንደኛ፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ስለዚህ ከአባ ጋር አሁኑኑ እንነጋገር፤ ሌላ ሰው ማሠልጠን ካስፈለገም ጊዜ ይኖረናል። ሁለተኛ፣ ቅዱስ ቁርባኑን የያዘ ሰው በየመንገዱ አይቆምም፣ ጉዳይ አይፈጽምም። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሕመምተኛው ቤት ነው የሚሄደው። በመሆኑም ለአንድ ሰው ብዙ ቤት አንስጥ። ሦስት ቤት ይበቃል፤ ቁጭ ብሎ ንባቡን ማንበብና አብሮ መጸለይ አለበት። ሰጥቶ መሮጥ አይሆንም።

ሌላው፣ ብዙ ሕሙማን "መድኃኒት ወስጃለሁ፣ ቀምሻለሁ፣ መቁረብ አልችልም" ብለው ሲጨነቁ አያለሁ። በላቲን ሥርዓት ከቁርባን በፊት ያለው የአንድ ሰዓት ጾም አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና አስታማሚዎቻቸውን አይመለከትም። ይህን ቀድመን በስልክ ብንነግራቸው ተረጋግተው ይጠብቁናል። ንስሐ መግባት የሚፈልጉትን ደግሞ አባ በስብከተ ገና ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት መካከል ቢጎበኟቸው ጥሩ ነው። ወደ ልደት ሲጠጋ እሳቸውም ፋታ አያገኙም።

የወጣቶች ተወካይ

እኛም አለን! የልጆቹን የልደት ትዕይንት ዘንድሮ ልንተወው ነበር፤ ማሳየት ብቻ ሆነብን። ግን ቅዱስ ፍራንችስኮስ በ1223 ጣሊያን ውስጥ ግሬቾ በምትባል ቦታ ያደረገውን ሳነብ ሐሳቤ ተቀየረ። በዚያ ሌሊት ሐውልት አልነበረም። ግርግም፣ ድርቆሽ፣ በሬና አህያ፣ ከዚያ የተሰበሰበው ሕዝብ። ሰዉ ራሱ ነበር ትዕይንቱ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስም በ2019 እዚያው ግሬቾ ሄደው ስለ ግርግሙ የጻፉትን ደብዳቤ ፈርመዋል።

ስለዚህ ልጆቹ የዋዜማውን ትዕይንት ያቅርቡ፣ ከዚያ በስምንቱ ቀን ውስጥ በአንዱ ልብሱን እንደለበሱ አረጋውያን ቤት ሄደው ይዘምሩ። ለልጆች ከዲሴምበር 28፣ ከሕፃናቱ ሰማዕታት መታሰቢያ፣ የሚሻል ቀን የለም። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ አብሮ ይሁን፣ ወላጅ ይፍቀድ፣ ቤቱም ቀድሞ ይጠየቅ።

አንድ ችግር ግን አለ። ከበዓሉ ማግስት ብዙዎቻችን ሥራ እንገባለን ወይም ቤተሰብ ጥየቃ እንሄዳለን። "ወጣቶች ሳምንቱን ይያዙ" ከተባለ በሁለተኛው ቀን ማንም አይገኝም።

ገንዘብ ያዥ

አበባውን በአንድ ቀን አንጨርሰው። ግማሹን ለጃንዋሪ 1 እናቆይ። የእግዚአብሔር እናት በዓል ነው፣ ከ1968 ጀምሮም የዓለም የሰላም ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ እኛ ግን በደረቀ አበባ ነው የምናከብረው።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወጣቶቹ ስጋት ትክክል ነው፤ በቡድን ሳይሆን በቀን እንመድብ። ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሰው ብቻ። በር ይከፍታሉ፣ ግርግሙን ያበራሉ፣ የመጣውን ሰው በስሙ ይቀበላሉ። ረቂቁ ይኸው፦

"የሌሊቱ ቅዳሴ ዝግጅት እንዳለ ይቆይ፤ ከቅዳሴው በፊት ያለው የመዝሙር ዝግጅት ያጥር። ከንጋቱ ቅዳሴ በኋላ ፈቃድ ያላቸው ምእመናን ቅዱስ ቁርባንን ለችግረኛ ሕሙማን ያድርሱ። ዲሴምበር 28 ልጆች አረጋውያንን ይጎብኙ። ዲሴምበር 31 ማታ የምስጋና ጸሎት ይደረግ። ከልደት እስከ ጃንዋሪ 1 በየቀኑ ሁለት ተረኛ ይኑር። በሌሊት ብቻቸውን መምጣት ለማይችሉ አጃቢ ይመደብ።"

የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢ

"ችግረኛ" የሚለውን አውጣልኝ ልጄ። "ከቤት መውጣት ለማይችሉ የቁምስናችን አባላት" በል። ደግሞ እነሱም የሚሰጡን አለ። በየቤቱ ስንሄድ የጸሎት ሐሳባቸውን በወረቀት እንቀበልና ግርግሙ ሥር እናስቀምጠው። ስለ እኛ እንዲጸልዩም እንለምናቸው። ጊዜ ያላቸው እነሱ ናቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ

አስተካክያለሁ፣ እማማ። የወረቀቱንም ጨምሬዋለሁ። ተረኞች ስማችሁን እስከ ቅዳሜ ስጡኝ። የዲሴምበር 27 ጠዋት የእኔ ነው።

የመዘምራን አስተባባሪ

አብሬህ እሆናለሁ። ሁለት ሰው ብንሆንም እንዘምራለን። እኚያ ከኋላ የተቀመጡት እናት ግን ቤታቸውን የሚያውቅ አለ?

የወጣቶች ተወካይ

እኔ አውቀዋለሁ፣ ከእኛ ቤት ሦስት በር ዘልቆ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ ብዬ የሌሊቱን ይሻሉ ወይስ የንጋቱን ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።